ከኋላ የሚቆሙት፦ የባሌት ጭፍራ ታሪክ

በአንድ ትልቅ የባሌት ቡድን ውስጥ ስማቸው በማስታወቂያ ላይ ጎልቶ የሚወጣ ዳንሰኞች ጥቂት ናቸው። የቡድኑ ግማሽ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚሆነው፣ በፈረንሳይኛ ስሙ ኮር ደ ባሌ የሚባለው ጭፍራ ነው። «ስዋን ሌክ» በሚታይበት ምሽት አንዲት የጭፍራ ዳንሰኛ በመጀመሪያው ክፍል የልዑሉ እንግዳ፣ በሁለተኛው ስዋን፣ በሦስተኛው የስፔን ወይም የሃንጋሪ ጨፋሪ ልትሆን ትችላለች፤ በአራተኛው እንደገና ላባዋን ለብሳ ወደ ሐይቁ ትመለሳለች። ዋና ዳንሰኞች ምሽቶቹን ተከፋፍለው ሲያርፉ ጭፍራው በየምሽቱ መድረክ ላይ ነው። ዛሬ ለሚያየው ሰው የባሌሪናዋ አጃቢ ይመስላል። ታሪኩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ባሌት ሲወለድ የጋራ ጭፈራ ነበር፣ ብቻውን የሚደንሰው ባለሙያ የመጣው በኋላ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1581–1661፦ ከሰገነት የሚታይ ቅርጽ

በጥቅምት ወር 1581 በፓሪስ ፔቲ ቡርቦን አዳራሽ ውስጥ ለአንድ ታላቅ የመኳንንት ሠርግ «ባሌ ኮሚክ ደ ላ ሬን» የተባለ ትርኢት ቀረበ። አዘጋጁ ባልታዛር ደ ቦዥዋዩ ነበር፤ ከጣሊያን መጥቶ የንጉሡን እናት ካትሪን ደ ሜዲቺን ያገለገለ ቫዮሊን ተጫዋች ነው። ማታ የተጀመረው ትርኢት ከአምስት ሰዓት በላይ ፈጀ። ግጥምም ዜማም ነበረው፤ መደምደሚያው ግን ንግሥቲቱ ራሷ ከወይዛዝርቷ ጋር የወጣችበት ጭፈራ ነው። ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን እየሠሩ፣ አንዱን አፍርሰው ሌላውን እየገነቡ 40 የሚደርሱ ቅርጾችን አሳዩ። ቦዥዋዩ በማግስቱ ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ባሌትን የገለጸው ብዙ ሰዎች አብረው ሲጨፍሩ የሚሠሩት የጂኦሜትሪ ቅንብር አድርጎ ነው። በዚህ ገለጻ ውስጥ ለብቸኛ ዳንሰኛ የተተወ ቦታ የለም።

ቅርጹ የሚገባው ከላይ ለሚያየው ሰው ነበር። አብዛኛው ተመልካች በግድግዳው ዙሪያ በተሠሩ ሰገነቶች ተቀምጦ ቁልቁል ይመለከታል፤ ለእርሱ የእያንዳንዷ ሴት እግር ሳይሆን ሁሉም በአንድነት ወለሉ ላይ የሚስሉት ነገር ነው የሚታየው። ፖለቲካም ነበረበት። ፈረንሳይ በካቶሊክና በፕሮቴስታንት ጦርነት በምትታመስበት ዘመን፣ ሁሉም ሰው ቦታውን አውቆ በዜማ የሚንቀሳቀስበት ትርኢት የሰላምና የሥርዓት ምኞት መግለጫ ነበር። ከ70 ዓመት በኋላ፣ በ1653፣ የመኳንንት ዐመፅ ገና ጋብ ሲል የ14 ዓመቱ ሉዊ 14ኛ «ባሌ ደ ላ ኑዊ» በተባለው ትርኢት ፀሐይ ሆኖ ሲወጣ መልእክቱ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። መኳንንቱ የሚዞሩት በንጉሡ ዙሪያ ነው።

1661–1789፦ መድረክ «ኋላ» የሚባል ቦታ ሲያገኝ

ሉዊ 14ኛ በ1661 የዳንስ አካዳሚ አቋቋመ። በ1669 የኦፔራ ተቋም ተከተለ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ዣን ባቲስት ሉሊ ተረከበው። ንጉሡ በበኩሉ ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ መደነሱን ተወ። እርምጃዎቹ እየከበዱ ስለሄዱም ከአደን መልስ ለመዝናናት የሚጨፍሩ መኳንንት ሊወጧቸው አልቻሉም። ቦታውን ደመወዝ የሚከፈላቸው ባለሙያዎች ያዙት። መጀመሪያ ላይ እነዚህ ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ የሴት ሚና ሲመጣ ጭንብል አድርገው ይወጣሉ። በ1681 «የፍቅር ድል» የተባለው ሥራ በፓሪስ ኦፔራ ሲቀርብ ማድሟዜል ደ ላ ፎንቴንና ጥቂት ባልደረቦቿ በሕዝብ ቴአትር የደነሱ የመጀመሪያዎቹ ባለሙያ ሴቶች ሆኑ። በ1713 ኦፔራው የራሱን የዳንስ ትምህርት ቤት አገኘ፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬም አለ።

ለጭፍራው ዕጣ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የወሰነው የአናጢ ሥራ ነው። ዳንሱ ከአዳራሹ መሀል ወጥቶ በአንድ ወገን ከፍ ብሎ ወደተሠራ መድረክ ሲዛወር ተመልካቹ ከላይ መመልከቱ ቀረና ከፊት ለፊት ሆነ። ወለሉ ላይ የሚሳለው ቅርጽ ግማሽ ውበቱን አጣ። ከዚያ ይልቅ ቀድሞ ያልነበረ ነገር ተፈጠረ፤ ፊትና ኋላ። ጎበዙ ወደ መብራቱ ቀረበ፣ የቀሩት ግራና ቀኝ ተሰልፈው ክፈፍ ሆኑለት። እንግዲህ የባሌት ማዕረግ የተጻፈው በሕግ ሳይሆን በርቀት ነው፤ ከመድረኩ ጫፍ በስንት እርምጃ እንደሚቆሙ በማየት የማን ደመወዝ ስንት እንደሆነ መገመት ይቻል ነበር።

ይህን ሁኔታ አጥብቆ የተቸው ዣን ዦርዥ ኖቬር ነው። በ1760 ባሳተማቸው ደብዳቤዎች ውስጥ ጭፍራው በቀኝ የሠራውን በግራ እየደገመ እንደ አሻንጉሊት የሚቆምበትን ልማድ ነቀፈ። ጭንብል ይነሣ፣ ከኋላ የቆመውም በታሪኩ ውስጥ የራሱ ስሜትና ምክንያት ይኑረው አለ። ሐሳቡ ቶሎ አልተያዘም። ተማሪው ዣን ዶቤርቫል ግን በሐምሌ 1789 መጀመሪያ በቦርዶ ከተማ «ላ ፊይ ማል ጋርዴ»ን ሲያቀርብ መድረኩን በአማልክት ፈንታ በገበሬዎች ሞላው። የባስቲይ እስር ቤት በሕዝብ የተያዘው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ዶቤርቫል አብዮት ሊሰብክ አልተነሣም፤ ቢሆንም እህል አጫጆቹ በዚያ ሥራ ውስጥ ከጌጥነት አልፈው መንደሩን ራሱን ሆነው ነበር።

1831–1841፦ ነጩ ጭፍራ

የጭፍራው የመጀመሪያ ታላቅ ምዕራፍ የተከፈተው በአንድ ኦፔራ ውስጥ ነው። ኅዳር 21 ቀን 1831 የማየርቤር «ሮበር ለ ዲያብል» በፓሪስ ሲቀርብ በሦስተኛው ክፍል የፈረሰ ገዳም ታየ። በጨረቃ ብርሃን መቃብሮች ተከፈቱ፤ ቃል ኪዳናቸውን አፍርሰው የሞቱ መነኮሳይያት አንድ በአንድ ተነሥተው መደነስ ጀመሩ። ዳንሱን ያቀነባበረው ፊሊፖ ታሊዮኒ፣ የመነኮሳይያቱን መሪ የደነሰችው ልጁ ማሪ ናት። ተመልካቹ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም።

ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ተገናኝተው ነበር። አንደኛው ጋዝ ነው። የፓሪስ ኦፔራ በ1822 መድረኩን በጋዝ ማብራት ጀምሯል፤ ሻማና የዘይት መብራት የማይሰጡትን፣ እንደፈለጉ የሚቀንስና የሚጨምር ሰማያዊ የጨረቃ ብርሃን ማስመሰል ተቻለ። ሁለተኛው ጨርቅ ነው፤ ስስ፣ ነጭ፣ ተደራርቦ የሚነፋ። ነጭ ልብስ በዚያ ብርሃን ውስጥ ፊትን ያደበዝዛል፤ ማን ማን እንደሆነች መለየት ያዳግታል፤ ሃያ ሴት አንድ ጉም ትሆናለች። ሦስተኛው የዘመኑ ስሜት ነው። ሮማንቲኮቹ ገጣሚዎችና ሠዓሊዎች የሚመኙት ሊጨበጥ የማይችል ዓለም ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ዓለም አንዲት ሴት አትበቃም፣ ብዙ ያስፈልጋሉ።

በማግስቱ ዓመት መጋቢት ወር «ላ ሲልፊድ» ይህን ትዕይንት ወደ ሙሉ ባሌት አሳደገው፤ በ1841 ደግሞ «ዢዜል» ወደ ፍጻሜ አደረሰው። የ«ዢዜል» ሐሳብ የቴዎፊል ጎቲዬ ነው፤ ከሠርጋቸው በፊት ሞተው ሌሊት ሌሊት የሚጨፍሩትን ልጃገረዶች ወሬ ያገኘው ከሃይንሪኽ ሃይነ ጽሑፍ ነው። ኮራሊና ፔሮ ያቀነባበሩት ሁለተኛው ክፍል ከጭፍራው ውጭ አይታሰብም። እነዚህ ዊሊ የተባሉ መናፍስት ማጌጫ አይደሉም፤ ያገኙትን ወንድ እስኪሞት የሚያስጨፍሩ ፈራጆች ናቸው። ዛሬ በሚታየው ቅንብር በሁለት ወገን ተሰልፈው፣ አንድ እግራቸውን ወደ ኋላ አንሥተው በሌላው እየዘለሉ አንዱ ረድፍ በሌላው መካከል ሲያልፍ ፊታቸው ባዶ ነው፣ ርኅራኄ የለበትም። ጭፍራው ሰውን ማስፈራት እንደሚችል የታወቀው እዚህ ላይ ነው።

1831–1882፦ ከመጋረጃው በስተጀርባ

መድረክ ላይ መንፈስ የሆኑት ልጆች ከመድረክ ሲወርዱ የድኻ ልጆች ነበሩ። ከ1830 አብዮት በኋላ የፓሪስ ኦፔራ ከቤተ መንግሥት አስተዳደር ወጥቶ ለነጋዴ ተሰጥቷል፤ ሉዊ ቬሮን መንግሥት እየደጎመው ትርፍና ኪሳራውን ራሱ ሊችል ተረከበው። ቬሮን ገንዘብ የሚመጣበትን ያውቅ ነበር። ዳንሰኞች ከመውጣታቸው በፊት ሰውነታቸውን የሚያፍታቱበትን ፎዬ ደ ላ ዳንስ የተባለ ክፍል ለዓመት ትኬት ገዢ ሀብታሞች ከፈተው። ጥቁር ኮትና ረጅም ባርኔጣ ያደረጉ ወንዶች በልምምዱ መካከል ይመላለሱ ጀመር። የትንሿ ዳንሰኛ ደመወዝ ለጫማና ለምግብ የማይበቃ በመሆኑ «ደጋፊ» መያዝ የሙያው ያልተጻፈ ክፍል ሆነ። ብዙ ጊዜም ይህን የምትደራደረው እናት ነበረች። ስለዚያ ዘመን ሲጻፍ ነገሩን በፈገግታ የማለፍ ልማድ አለ፤ ልጆቹ ግን የ13 እና የ14 ዓመት ነበሩ።

የእነዚህ ገዢዎች ጉልበት በ1861 በአደባባይ ታየ። ሪሻርድ ዋግነር «ታንሆይዘር»ን ወደ ፓሪስ ሲያመጣ ባሌቱን እንደ ልማዱ በሁለተኛው ክፍል ሳይሆን በመጀመሪያው አስገባው። የጆኪ ክለብ የተባለው የሀብታሞች ማኅበር አባላት ደግሞ እራታቸውን በልተው የሚደርሱት ለሁለተኛው ክፍል ነበር። በፉጨትና በጩኸት ትርኢቱን በጠበጡት፤ ኦፔራው ከሦስት ምሽት በኋላ ተነሣ። በዚሁ ዘመን ወንድ ዳንሰኛ ከፓሪስ መድረክ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። በ1870 «ኮፔልያ» ሲወጣ የወጣቱን የፍራንዝን ሚና ሱሪ ለብሳ የደነሰችው ኤውዤኒ ፊዮክር ናት። ገዢው ሊያይ የሚመጣው የሴት እግር እስከሆነ ድረስ ወንዱን መቅጠር ወጪ ነበር።

ያ ውብ ስስ ነጭ ጨርቅም ከጋዝ ነበልባል ጋር ሲገናኝ ገዳይ ነበር። በ1844 ለንደን ውስጥ ክላራ ዌብስተር ልብሷ ተቀጣጥሎ ሞተች። በ1861 ፊላደልፊያ ውስጥ በአንድ ቴአትር የአንዷ ቀሚስ ያያዘው እሳት ወደሌሎቹ ተዛምቶ የጌል እኅትማማቾችን ጨምሮ ቢያንስ 6 ዳንሰኞች ሞቱ። በፓሪስ እሳት የሚከላከል መድኃኒት ውስጥ የተነከረ ልብስ እንዲለበስ ታዞ ነበር፤ ጨርቁን ስለሚያደርቀውና ስለሚያደበዝዘው ዳንሰኞቹ ራሳቸው ጠሉት። እምቢ ካሉት አንዷ የኦፔራው ተስፋ የነበረችው ኤማ ሊቭሪ ናት። በ1862 በልምምድ ላይ ተቃጥላ ከወራት ሥቃይ በኋላ አረፈች።

ኤድጋር ደጋ የሣላቸው በአብዛኛው እነዚህን ስም የለሽ ልጆች ነው፤ ሲያዛጉ፣ ጫማቸውን ሲያስሩ፣ ተራቸውን ሲጠብቁ። በ1881 ባሳየው የሰም ሐውልት ሞዴል የሆነችው ማሪ ቫን ጉተም የአንዲት ልብስ አጣቢ ልጅ ነበረች። ተቺዎች ሐውልቱን አስቀያሚ አሉት። ማሪ በቀጣዩ ዓመት ከሥራ በመቅረቷ ከኦፔራው ተባረረች፤ ምስሏ ግን ዛሬ በታላላቅ ሙዚየሞች ቆሟል።

1847–1905፦ የፔቲፓ ሠራዊት

ፓሪስ ባሌትን እያዋረደች ሳለ ጥበቡን የያዘችው ሩስያ ነበረች። በሴንት ፒተርስበርግ የዳንስ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1738 ነው፤ ፈረንሳዊው ዣን ባቲስት ላንዴ የቤተ መንግሥት አገልጋዮችን 24 ልጆች ሰብስቦ ጀመረው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዚያ የሚወጣ ተማሪ በቀጥታ የመንግሥት ተቀጣሪ ይሆናል፤ 20 ዓመት ካገለገለ ጡረታ ያገኛል። በፓሪስ ከትኬት ገዢ ከረጢት ይጠበቅ የነበረው በፒተርስበርግ ከዛሩ ግምጃ ቤት ይወጣ ነበር። ሀብታም ወዳጅ መያዝ እዚያም አልጠፋም። ቢሆንም የማያቋርጥ ሥልጠናና የማይቋረጥ ደመወዝ አንድ ላይ ሲሆኑ ፓሪስ ያላየችው ዓይነት ጭፍራ ተፈጠረ፤ ብዙ፣ እኩል የሠለጠነ፣ ከአንድ ቤት የወጣ።

በዚህ መሣሪያ የተጫወተበት ማርዩስ ፔቲፓ ነው። በ1847 ከፈረንሳይ መጥቶ እስከ 1903 ድረስ በዛሩ ቴአትሮች ሠራ። ወደ ልምምድ ከመሄዱ በፊት በቤቱ ጠረጴዛ ላይ ትንንሽ ምስሎችን እየደረደረ አሰላለፉን ይቀምር ነበር። ለእርሱ ጭፍራው ተዋረድ ነበረው፤ ከፊት ባሌሪናዋ፣ ቀጥሎ ብቸኛ ዳንሰኞች፣ ከዚያ ኮሪፌዎች፣ በመጨረሻ ረድፎቹ። የመጨረሻው ረድፍ ሰዎች «ከውኃው አጠገብ» የሚደንሱ ይባሉ ነበር፤ የኋላው መጋረጃ ላይ ብዙ ጊዜ ሐይቅ ወይም ፏፏቴ ይሣል ነበርና።

የፔቲፓ ትልቁ ግኝት በ1877 መጀመሪያ በወጣው «ላ ባያዴር» ውስጥ ይገኛል። ጀግናው ሶሎር ፍቅረኛውን በሞት ካጣ በኋላ ኦፒየም አጭሶ በሕልሙ የጥላዎችን መንግሥት ያያል። ከመድረኩ ኋላ ባለ ተዳፋት ላይ አንዲት ነጭ ለባሽ ትወጣለች። አንድ እግሯን ወደ ኋላ ዘርግታ አራቤስክ ትሠራለች፣ ቀና ብላ ወደ ኋላ ትለጠጣለች፣ ሁለት እርምጃ ትሄዳለች። ከኋላዋ ሌላ ትወጣለች፤ ሁለቱም ያንኑ ይሠራሉ። ከዚያ ሦስተኛዋ። ዛሬ እንደ ቡድኑ አቅም 24 ወይም 32 ዳንሰኞች ያንኑ አንድ ሐረግ እየደገሙ እባብ እንደሚሄድ እየታጠፉ ይወርዳሉ። የመጀመሪያዋ ተዳፋቱን ጨርሳ ቦታዋን እስክትይዝ ድረስ አራቤስኩን በአሥሮች የሚቆጠር ጊዜ ሠርታለች፤ ሁሉም ሜዳው ላይ ከተሰለፉ በኋላ ደግሞ በአንድ እግር ቆሞ መዘግየት አለ። እርምጃው ማንኛዋም ጥሩ ተማሪ የምትችለው ነው። ድግግሞሹ ግን አንድን ቀላል እንቅስቃሴ ወደ ሕልም ይቀይረዋል። ከጭፍራው ውጭ ማንም፣ የቱንም ያህል የተካነ ዳንሰኛ፣ ይህን ብቻውን ሊያደርገው አይችልም።

ሥራው የሚጠይቀው ሌላ ዓይነት ችሎታ ነው። አንገት ሳይዞር በዐይን ጥግ ጎረቤትን ማየት፣ የጎረቤትን ትንፋሽ መስማት፣ ከራስ አቅም በታች እግር ማንሣት። ሁሉም እኩል ካላነሣ ከፍ ብሎ የተነሣው እግር ስሕተት ነው። የቆመ ሰውም ይሠራል፤ ባሌሪናዋና ልዑሉ በፍቅር ሲደንሱ ስዋኖቹ በጎን ተሰልፈው፣ ክንዳቸውን አጣጥፈው፣ ለደቂቃዎች ሳይነቃነቁ ይቆያሉ። ዳንሰኞች ከዝላዩ ይልቅ ይህ ቁርጥማት እንደሚያስይዝ ይናገራሉ።

የስዋኖቹ ቅንብር የፔቲፓ አይደለም፤ የረዳቱ የሌቭ ኢቫኖቭ ነው። «ስዋን ሌክ» በ1877 ሞስኮ ላይ ሲወጣ ብዙም አልተወደደም ነበር። የሙዚቃው ደራሲ ቻይኮቭስኪ ከሞተ በኋላ በ1895 ፒተርስበርግ ላይ እንደገና ሲቀርብ ኢቫኖቭ የሐይቁን ትዕይንቶች ወሰደ። ቀደም ብሎ በ1892 በ«ነትክራከር» የበረዶ ብናኞቹን ሠርቶ ነበር። ፔቲፓ ጭፍራውን እንደ ሕንፃ ሲያቆመው ኢቫኖቭ እንደ ሙዚቃ አፈሰሰው፤ የስዋኖቹ ረድፎች የንግሥታቸውን የኦዴትን ኀዘን አብረው ያዝናሉ፣ በእርሷና በአዳኙ መካከል ይቆማሉ፣ አራቱ ትንንሽ ስዋኖች እጅ ለእጅ ተቆላልፈው እንደ አንድ ሰው ይረግጣሉ። ኢቫኖቭ ዕድሜውን በሙሉ በፔቲፓ ጥላ ሥር ኖሮ በድህነት ሞተ፤ ጭፍራውን እንዲህ የተረዳው ሰው የራሱ ዕጣ ከጭፍራው የተለየ አልነበረም።

በ1905 አብዮት ይህ ፀጥ ያለ ሠራዊት ተናገረ። ዳንሰኞቹ ተሰብስበው የተሻለ ደመወዝና ኃላፊዎቻቸውን የመምረጥ መብት ጠየቁ፤ ከወኪሎቹ መካከል ሚካኤል ፎኪን፣ አና ፓቭሎቫና ታማራ ካርሳቪና ነበሩ። አስተዳደሩ የታማኝነት ሰነድ አስፈረመ። ከፈረሙት አንዱ ሰርጌይ ሌጋት በጭንቀት ራሱን ገደለ። ጥያቄው አልተመለሰም።

1909–1923፦ ጭፍራው ጀግና ሲሆን

የ1905ቱ ወጣቶች የፈለጉትን ያገኙት በውጭ አገር መድረክ ነው። የትርኢት አዘጋጁ ሰርጌይ ዲያጊሌቭ ግንቦት 19 ቀን 1909 ፓሪስ ሻትሌ ቴአትር ላይ የሩስያ ባሌትን ሲያሳይ ምሽቱን ከወሰዱት አንዱ የፎኪን «የፖሎቬትሲያን ዳንሶች» ነው። ቀስት የያዙ ተዋጊዎች መድረኩን ሲሞሉት ፓሪስ ለአርባ ዓመት የረሳችው ነገር፣ የወንድ ጭፍራ፣ ተመልሶ መጣ። ፎኪን በ1914 ለለንደኑ «ታይምስ» በላከው ደብዳቤ ቡድኑ ማጌጫ መሆኑ ቀርቶ ሐሳብ የሚገልጽ አካል መሆን እንዳለበት ጻፈ። «ፔትሩሽካ» ውስጥ ይህን አስቀድሞ ሠርቶት ነበር፤ በገበያው ያለው እያንዳንዱ ሰው፣ አሽከር ሆነ ሞግዚት፣ የራሱ አረማመድ አለው።

በ1913 የዲያጊሌቭ ዳንሰኛ ኒዢንስኪ በ«የጸደይ ሥርዓት» የበለጠ ራቀ። ጭፍራው እግሩን ወደ ውስጥ አዙሮ መሬቱን ረገጠ፤ የሙዚቃው ደራሲ የስትራቪንስኪ ምት እጅግ ከማስቸገሩ የተነሣ ከ100 በላይ ልምምድ ጠየቀ፣ በመጀመሪያው ምሽትም አዳራሹ በጩኸት ሲናወጥ ኒዢንስኪ ከመጋረጃ ጎን ወንበር ላይ ቆሞ ቁጥር እየጮኸ ሊያስማቸው ሞከረ። የጭፍራው ፍጹም ድል ግን የእኅቱ ነው። ብሮኒስላቫ ኒዢንስካ በ1923 «ሌ ኖስ»ን ስታቀርብ ሙሽራና ሙሽሪት እምብዛም አይደንሱም። የሚደንሰው መንደሩ ነው። ናታሊያ ጎንቻሮቫ ያለበሰቻቸውን ቡናማና ነጭ ልብስ የለበሱት ሴቶች ጭንቅላታቸውን በጭንቅላት ላይ ደርበው ፒራሚድ ይሠራሉ፤ ሠርጉ የሁለት ሰዎች ደስታ ሳይሆን ማኅበረሰቡ በሁለቱ ላይ የሚያሳልፈው ውሳኔ ሆኖ ይታያል። በዚህ ሥራ ጭፍራው ከማንም ኋላ አይቆምም።

የዲያጊሌቭ ቡድን ሩስያውያን ሲያንሱት ከሌላ አገር ቀጠረ፤ ስማቸውን ግን ወደ ሩስያኛ ለወጠ። ከእንግሊዝ የመጣችው ሂልዳ መኒንግስ ሊዲያ ሶኮሎቫ ሆና ነው የታወቀችው።

1932–1963፦ ሌኒንግራድና ኒው ዮርክ

በሶቪየት ዘመን የጭፍራው ጉዳይ የመንግሥት ርዕዮተ ዓለም ጉዳይ ሆነ። ታሪክን የሚሠራው ሰፊው ሕዝብ ከሆነ መድረኩ ላይም ሕዝቡ መቅደም ነበረበት። በ1932 የቫይኖኔን «የፓሪስ ነበልባል» በሌኒንግራድ ሲወጣ ጀግናው ቤተ መንግሥቱን የሚወርረው ሕዝብ ነበር። በተግባር ግን ተዋረዱ አልፈረሰም፤ የዛሩ ዘመን ማዕረጎችና የፔቲፓ ሥራዎች ቀጥለዋል።

ተዋረዱን ከውስጥ የነካው ከሌኒንግራድ የወጣው ጆርጅ ባላንሺን ነው። በ1934 ኒው ዮርክ ላይ ትምህርት ቤት ከፍቶ ለተማሪዎቹ የመጀመሪያውን ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያው ቀን የመጡት 17 ሴቶች ነበሩ፤ ለ17 አሰለፈ። በሌላ ቀን 9 መጡ፣ በሌላው 6፤ ያን ያህሉን አቀነባበረ። አንዷ ዘግይታ ገባች፣ አንዷ ወደቀች፤ ሁለቱንም በዳንሱ ውስጥ አስቀራቸው። «ሴሬናድ» የተባለው ይህ ሥራ ሰኔ 10 ቀን 1934 ከኒው ዮርክ ወጣ ብሎ በአንድ ባለጸጋ ግቢ ውስጥ ቀረበ። መጋረጃው ሲከፈት 17 ሴቶች ቀኝ ክንዳቸውን አንሥተው ቆመዋል፤ ባሌሪናዋ ማን እንደሆነች ማወቅ አይቻልም። በዳንሱ ሂደት ብቸኛ የሚደንሱት ከረድፉ ወጥተው ወደ ረድፉ ይመለሳሉ። ባላንሺን በ1948 በተመሠረተው ኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት የጭፍራውን እርምጃ ከሌላ ቦታ ብቸኛ ዳንሰኞች ከሚሠሩት እኩል አከበደው። ደመወዙ ግን እኩል አልሆነም።

በአሮጌው አህጉርም ነገሮች ተለወጡ። በፓሪስ ሰርዥ ሊፋር በ1930ዎቹ ፎዬ ደ ላ ዳንስን ለትኬት ገዢዎች ዘጋው፤ ቬሮን የከፈተው በር አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነበር። በ1961 ደግሞ የሌኒንግራዱ የኪሮቭ ቡድን ወደ ምዕራብ ሲመጣ የጥላዎቹን አወራረድ አሳየ። ተመልካቹ በዚያ ጉዞ ስለኮበለለው ስለ ሩዶልፍ ኑሬዬቭ ቢያወራም የባሌት ሰዎች የተነጋገሩት ስለ ጭፍራው ነው። ኑሬዬቭ ራሱ በ1963 ያንኑ ትዕይንት ለእንግሊዙ ሮያል ባሌት ሲያዘጋጅ ትዕይንቱ ለጭፍራው መመዘኛ ሆነ። የአንድ ቡድን ጤና የሚታየው በጥላዎቹ ነው የሚለው አባባል ከዚያ ወዲህ የተለመደ ነው።

1955–2023፦ አንድ ዓይነት የመሆን ዋጋ

በ1831 የተወለደው የነጭ ባሌት ውበት ሁሉም አንድ ይመስሉ ዘንድ ያዝዛል። ይህ የጥበብ ሕግ ለብዙ ዘመን የቆዳ ቀለም ሕግ ሆኖ አገልግሏል። ጥቁር ዳንሰኛ ረድፉን «ያበላሻል» ይባል ነበር። ሬቨን ዊልኪንሰን በ1955 በባሌ ሩስ ደ ሞንቴ ካርሎ ስትቀጠር ቀለሟ ፈካ ያለ ስለነበር ብዙ ተመልካች አላወቀም። በአሜሪካ ደቡብ ግን ሆቴል ከለከላት፣ ዘረኛው ኩ ክለክስ ክላን አስፈራራት፤ በ1961 ቡድኑን ለቀቀች። በ1955 ኒው ዮርክ ሲቲ ባሌትን የተቀላቀለው አርተር ሚቼል ከማርቲን ሉተር ኪንግ ግድያ በኋላ በ1969 የሃርለም ዳንስ ቴአትርን መሠረተ። ቡድኑ በ1970ዎቹ ሮዝ ቀለም የነበረውን የባሌት ካልሲና ጫማ ትቶ እያንዳንዱን በባለቤቱ ቆዳ ቀለም መንከር ጀመረ። ውሳኔው ቀላል ይመስላል። ግን መሥመር የሚባለው ነገር ከዳሌ እስከ ጣት ጫፍ ሳይቆረጥ የሚታየው በቆዳ ቀለም ነውና የድሮውን ሕግ ሳያፈርስ ትርጉሙን ቀየረው።

ሌሎቹም ሕጎች ተነኩ። በ1995 ማቲው ቦርን ስዋኖቹን ወንዶች አደረጋቸው። በ2016 አክራም ካን የ«ዢዜል»ን መንደርተኞች የተዘጋ ልብስ ፋብሪካ ስደተኛ ሠራተኞች አድርጎ አቀረበ። በ2017 ክሪስታል ፓይት ለሮያል ባሌት በሠራችው «ፍላይት ፓተርን» 36 ዳንሰኞች በካፖርት ተጠቅልለው ድንበር ላይ የሚጠብቁ ስደተኞችን ሆኑ፤ ጥቂት ብቸኛ ሚና ቢኖርም ሥራውን የተሸከመው የ36ቱ አንድ ላይ መተንፈስ ነው።

ደመወዝና መብትም እንደገና አደባባይ ወጡ። በ1979 አሜሪካን ባሌት ቴአትር በክፍያ ክርክር ዳንሰኞቹን ከሥራ ውጭ አድርጎ ነበር። በታኅሣሥ 2019 ደግሞ የፈረንሳይ መንግሥት የጡረታ ሕግ ሊለውጥ ሲነሣ የፓሪስ ኦፔራ ዳንሰኞች ሥራ አቆሙ። ከሉዊ 14ኛ ዘመን፣ ከ1698 ጀምሮ በሚቆጠር መብት በ42 ዓመታቸው ጡረታ ይወጣሉ፤ የጡረታውን ዋጋ አጥብቆ የሚያውቀው ከጭፍራው ሳይወጣ የሚያረጀው ነው። ታኅሣሥ 24 ቀን በብርድ ከኦፔራው የጋርኒዬ ሕንፃ ደጃፍ ወጥተው ከ«ስዋን ሌክ» አንድ ክፍል ደነሱ፤ ከኋላቸው ባሕል አደጋ ላይ ነው የሚል ጨርቅ ተዘርግቶ ነበር።

ከዓመት በኋላ የቀለም ጥያቄ ተመልሶ መጣ። በበርሊን የመጀመሪያዋ ጥቁር የጭፍራ ዳንሰኛ ክሎዔ ሎፔስ ጎሜስ ፊቷን በነጭ ዱቄት እንድትቀባ መጠየቋን በ2020 በይፋ ተናገረች። በዚያው ዓመት የፓሪስ ኦፔራ ጥቁርና ክልስ ዳንሰኞች ማኒፌስቶ አወጡ፤ ከጠየቁት አንዱ ሚቼል ከግማሽ ምዕት ዓመት በፊት ያደረገው፣ ከቆዳቸው ጋር የሚስማማ ካልሲና ጫማ ነው። ኦፔራው ጥናት አስጠንቶ በ2021 ሪፖርቱን ይፋ አደረገ፤ ጥያቄውንም ተቀበለ።

ማዕረጉ ግን እንዳለ ነው። በፓሪስ ወደ 154 የሚጠጉ ዳንሰኞች ካድሪይ፣ ኮሪፌ፣ ሱዤ፣ ፕሬሚዬ ዳንሰር፣ ኤቷል በሚባሉ አምስት ደረጃዎች ይሰለፋሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጭፍራው ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለረጅም ጊዜ ሲያሻግር የኖረው በዳኞች ፊት የሚደረግ ውድድር ሲሆን፣ የመጨረሻውን ማዕረግ ግን አስተዳደሩ ይሰጣል። መጋቢት 11 ቀን 2023 ቡድኑ ሴኡል ላይ «ዢዜል»ን ካቀረበ በኋላ ጊዮም ዲዮፕ ኤቷል ተባለ፤ በኦፔራው ታሪክ ይህን ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ዳንሰኛ ነው። በዚያ ምሽት ማዕረጉ ገና ሱዤ ነበር። ከእርሱ ጋር ከኦፔራው ትምህርት ቤት የወጡት አብዛኞቹ በሱዤነትና ከዚያ በታች 42 ዓመት እስኪሞላቸው ይደንሳሉ።